ትልሙን ያላየው በሬ

ተረት ተረት ስላችሁ «የበሬ ጉልበት» በሉኝ። አልሰማሁም፣ እንደገና! እህ፣ አሁን ሆነ። ጠጋ ጠጋ በሉና እግራችሁን ሰብስቡ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ አርባ ዓመት እርፍ የጨበጥኩ ሰው ነኝ። እርፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ እንዳለ ከፊታችሁ አያለሁ፤ አትፈሩ፣ አልቆጣም። እርፍ ማለት ገበሬው ከኋላ ሆኖ የሚይዘው እጀታ ነው። ማረሻው ብረት ነው፣ መሬቱን ይሰነጥቃል። ቀንበሩ ሁለቱን በሬዎች አንገት ለአንገት ያጣምዳል። ማረሻው ሰንጥቆ ያለፈበት መስመር ደግሞ ትልም ይባላል። ይቺን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

እንግዲህ በድሮ ጊዜ፣ እንስሳ በሚናገርበት፣ እንጨቱም በሚመልስበት፣ ሰው ብቻ ጆሮው ደንቁሮ ሳይሰማቸው በሚኖርበት ዘመን፣ በአንድ ተዳፋት አገር ስንሻው የሚባል ገበሬ ነበር። ስንሻውም ወይኖ የሚባል በሬ ነበረው። ወይኖ ቀይ ዳማ ነው። ሻኛው የተቆለለ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሲያጓራ ከማዶ ያሉት ላሞች ሁሉ ቀና የሚሉለት በሬ ነበር። ጉልበቱን የማይመሰክርለት አልነበረም። እሱ ራሱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይመሰክር ነበር።

«እኔ ሁልጊዜ ፊት ነኝ» ይላል። «አብሮኝ የሚጠመደው ሁሉ ግማሽ እርምጃ ከኋላዬ ነው። ከእኔ እኩል የሚራመድ በሬ ገና አልተወለደም!»

እውነቱን ነው፣ ግማሽ እርምጃ ይቀድም ነበር። ጉዱም እዚያ ላይ ነበር። ሁለት በሬ አንድ ቀንበር ተሸክሞ አንዱ ሲቀድም ቀንበሩ ይንጋደዳል። ቀንበሩ ሲንጋደድ ማረሻው ወደ ጎን ይሄዳል። ስንሻው ጅራፉን አጩኾ «ፈርህን ያዝ!» ሲለው ወይኖ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል፤ ከዚያ ደግሞ ይቀድማል። ትልሙ ወዲህ ይታጠፋል፣ ወዲያ ይታጠፋል። በትልምና በትልም መካከል ማረሻ ያልነካው መሬት ይቀራል፤ አረሙ እዚያ ላይ ይፈነጫል፣ ጤፉ ይቀጭጫል።

ወይኖ ይህን አያይም። ዐይኑ ወደፊት ነው፣ ትልሙ ከኋላ ነው። ዞሮ ሲመለስም አጠገቡ ያለችውን አንድ ክንድ መሬት ነው የሚያየው። አንድ ክንድ መሬት ደግሞ የማንም ትልም ቢሆን ቀጥ ያለ ይመስላል።

ማረሻ ባልነካው መሬት ውስጥ አንዲት አይጥ ትኖር ነበር። ጉድጓዷ እዚያ ነው፣ ልጆቿ እዚያ ናቸው፣ የሰረቀችው እህልም እዚያ ነው። ትልሙ ቀጥ ያለ ቀን ቤቷ ይገለበጣል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ በሬዎቹ በተፈቱ ቁጥር ትመጣና ከወይኖ አፍንጫ ሥር ቁጭ ትላለች።

«ጌታዬ ወይኖ! ዛሬ ደግሞ እንዴት አድርገው አረሱት! ያ ሰነፍ ወደ ኋላ ባይጎትትዎት ኖሮ የት በደረሱ!»

ወይኖም ዐይኑን ጨፍኖ ያመሰኳል፣ ጭራውን ይወዘውዛል፣ «ድገሚው እስቲ» ይላታል። እሷም ትደግማለች። ትስቃላችሁ አይደል? በየቤታችሁ እንዲህ ያለች አይጥ አታጡም።

መጀመሪያ ከወይኖ ጋር የሚጠመደው ቦራ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ዝምተኛ በሬ። አንድ ቀን እርሻው አልቆ ሲፈቱ ቀንበሩ ተናገረ።

«ወይኖ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ተናገር።»

«ግማሽ እርምጃ ትቀድማለህ። ስትቀድም እኔ እንጋደዳለሁ፣ እኔ ስንጋደድ የቦራ አንገት ይላጣል። ትልሙም ጠማማ እየሆነ ነው።»

«ትናንት ግንድ፣ ነገ ማገዶ!» አለ ወይኖ። «አንተ ነህ እኔን የምትመክረው? ጠማማው ቦራ ነው!»

አይጢቱ ከተፍ አለች። «እውነትዎን ነው ጌታዬ! ቀንበር ምን ያውቃል? ጠማማውማ ቦራ ነው።»

በማግስቱ ወይኖ ከቦራ ጋር ሲጠምዱት ተኛ። ቢገርፉት አልተነሳም፣ ቢለምኑት አልተነሳም። ስንሻው ቸገረውና ቦራን ለጎረቤቱ ሰጥቶ በምትኩ ሻንቆ የሚባል ጥቁር በሬ ለወጠ።

ሻንቆ ብርቱ ነው፣ እርምጃውም የተስተካከለ ነው። ሆኖም ትልሙ ያው ነው። ወዲህ ይታጠፋል፣ ወዲያ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ እርፉ ተናገረ።

«ወይኖ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ደግሞ አንተ ምን ልትል ነው?»

«እኔ ከኋላ ነኝ፣ ትልሙን አያለሁ። ጠማማ ነው። የሚያጣምመውም ያንተ መቅደም ነው።»

«ከኋላ የሚጎተት ስለ ፊት ምን ያውቃል?»

«እኔ ስለ ፊትህ መች ነገርኩህ?» አለ እርፉ። «የነገርኩህ ስለ ኋላህ ነው።»

ወይኖ መልስ አጣ። መልስ ያጣ ሰው፣ ይቅርታ፣ መልስ ያጣ በሬ ምን ያደርጋል? ይቆጣል። አይጢቱም «ጠማማውማ ሻንቆ ነው ጌታዬ!» ስትለው ዞሮ ሻንቆን ጎኑን በቀንዱ ወጋው። ሻንቆ እያነከሰ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ወይኖ ከቦራ ጋር አልጠመድም ስላለ ቦራም እዚያው ቀረ።

ሦስተኛው ዳለቻ ነበር፤ የስንሻው ሚስት የአንጓች ወንድም ያዋሳቸው ግራጫ ሽማግሌ። ጥርሱ ያለቀ፣ ቆዳው የተንጠለጠለ፣ እርምጃው ግን እንደ ድሮው የሆነ በሬ ነው። ከእሱ ጋርም አረሱ። ትልሙ ያው ነው። ዳለቻ እንደ ቀንበሩና እንደ እርፉ «አትቆጣኝ» እንኳ አላለም።

«ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ከአሥራ አንድ በሬ ጋር ተጠምጃለሁ» አለ። «እንዳንተ ያለ ጉልበት ግን አላየሁም። ግን ትቀድማለህ።»

«መቅደም ጥፋት ሆኖ ነው?»

«ብቻህን ብትሆን ደግ ነበር። ተጠምደህ ነው እንጂ።»

«አንተ ሽማግሌ!» አለ ወይኖ። «ጉልበትህ ሲያልቅ ምላስህ ረዘመ። ትልሙን የምታጣምመው አንተ ነህ!»

ዳለቻ ወደ ማመስኳቱ ተመለሰ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከእለታት አንድ ቀን ጠዋት አንጓች በረቱን ልትጠርግ መጣች። ስንሻው የጅራፉን ጫፍ እየጠገነ በረቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል።

«አንተ ሰው፣ ቦራን በጎረቤት ማሳ ላይ አየኸው?» አለችው።

«አየሁት። ቀጥ አድርጎ ነው የሚያርሰው።»

«ሻንቆስ?»

«እሱም።»

አንጓች መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች። «እንግዲህ ሦስት በሬ ለዋወጥክ። ያልተለወጠው የትኛው ነው?»

ስንሻው ወደ ወይኖ ዞሮ አየ። ወይኖን ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጁ እያበላ ያሳደገው እሱ ነው።

«አምና ከግማሽ ማሳ በላይ አረም ነው የሰበሰብነው» አለች አንጓች። ድምጿ ለስለስ አለ። «ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ ክረምቱን በምን እንወጣዋለን? ልጆቹን ምን ልናበላ ነው?»

«አያ ቢተው ለፋሲካ ቅርጫ የሰባ በሬ ይፈልጋል» አለ ስንሻው ጅራፉን እያየ። «ከሆሳዕና በፊት ዳገቱን በደቦ እናርሳለን። የደቦው ዕለት መጥቶ ይውሰደው።» ይህን ብሎ ተነሳና ፊቱን አዙሮ ሄደ። እንባውን ሚስቱ እንድታይበት አልፈለገም።

ወይኖ በረቱ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። አንዲት ቃል ብቻ አልገባችውም። አይጢቱ ስትመጣ ጠየቃት።

«ቅርጫ ማለት ምንድን ነው?»

አይጢቱ ጢሟን ጠራረገች። «ቅርጫ? ትልቅ የክብር ድግስ ነው እንጂ! መንደሩ በሙሉ በእርስዎ ዙሪያ ይሰበሰባል። ካለ እርስዎ በዓሉ አይደምቅም። ሁሉም ከእርስዎ ድርሻውን ለማግኘት ይሻማል።»

ልብ በሉ እንግዲህ፣ አንዷም ቃል ውሸት አይደለችም!

ወይኖ ያን ቀን በኩራት ሣር አልበላ አለ። በማግስቱ መጋቢት መድኃኔዓለም ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ቀንበር አይነካም፣ ማረሻ መሬት አይነካም፤ በሬ እንደ ሰው አርፎ ይውላል። ዳለቻ ወደ ዳገቱ አናት ሲወጣ ወይኖም ተከተለው። ሁልጊዜ ከበሬዎች ኋላ ኋላ እየሄደች ትል የምትለቅመው ነጯ ወፍም የዳለቻ ጀርባ ላይ ተቀምጣ አብራ ወጣች።

ወይኖ እዚያ አናት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሣሩን እየጋጠ ቆየና ቀና ብሎ ቁልቁል ሲያይ በሳቅ ፈነዳ።

«ዳለቻ! ዳለቻ! እዚያ ታች ያለውን ማሳ አየኸው?»

«አየሁት።»

«እባብ የሄደበት ነው የሚመስለው! ወዲህ ታጥፏል፣ ወዲያ ታጥፏል። ግማሹ አልታረሰም እኮ! ከአጠገቡ ያለውን እይ እስቲ፣ እንዴት ቀጥ ብሏል! ያን ጠማማውን ያረሰው የትኛው ደካማ በሬ ነው? የእኔ ቢሆን አንድ ቀን አላሳድረውም፣ አርጄው ቆዳውን ጅራፍ አደርገው ነበር!»

ዳለቻ ማመስኳቱን አቆመ።

«ቀጥ ያለው የጎረቤታችን ማሳ ነው፣ ቦራ ያረሰው» አለ። «ጠማማው ግን ያንተ ነው።»

«የእኔ?»

«መሀሉ ላይ ያለችውን ሾላ እያት። በየቀኑ ከሥሯ ነው የምታርፈው።»

ወይኖ ሾላዋን አያት። ከሾላዋ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ በረቱ፣ ከበረቱ ወደ ማሳው ዐይኑን መለሰ። ያው ነው። የራሱ ነው።

«እኔም ምስክር ነኝ» አለች ነጯ ወፍ ቀስ ብላ። «ከኋላህ ትል ስለቅም እኔም አብሬህ ወዲህና ወዲያ ስታጠፍ ነው የከረምኩት።»

ወይኖ አፈረ። ከቀንዱ እስከ ሰኮናው አፈረ። የተናገረው ሁሉ፣ ደካማ ያለው፣ አርጄው ያለው፣ ተመልሶ ራሱ ላይ አረፈ። ወደ ሁለቱም ዞሮ፣

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ነግረንህ ነበር» አለ ዳለቻ።

ወይኖም ቀንበሩን አስታወሰ፣ እርፉን አስታወሰ፣ ይህን ሽማግሌ የሰደበውን ስድብ አስታወሰ። አንገቱ የተላጠውን ቦራን፣ ጎኑን የወጋውን ሻንቆን አስታወሰ።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ዳለቻ። «አይጢቱ ቅርጫ ድግስ ነው ብላሃለች አሉ። ድግስማ ነው። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ መንደሩ ይካፈለዋል። የታሰብከው ለዚያ ነው።»

ወይኖ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ያ ሁሉ ጉልበት! አለቀሰም። በሬ ሲያለቅስ አላያችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ሲበቃው ተነሳና እንዲህ አለ። «አባ ዳለቻ፣ ይቅር ይበሉኝ።» አያችሁ? ትናንት አንተ ሽማግሌ ሲለው የነበረው ዛሬ አንቱ አለው። «እኔ ስቀድም አይታወቀኝም፤ እግሬ በራሱ ይሄዳል። እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ስነግርህ ትቆጣለህ» አለ ዳለቻ።

«እቆጣለሁ። ግን ይንገሩኝ።»

ዳለቻ ይህን መልስ ወደደው። አልቆጣም ብሎ ቢምል ኖሮ አያምነውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስንሻው ሲጠምዳቸው ወይኖ ቀንበሩን «አንተም ንገረኝ» አለው። እርፉንም «አንተም ከኋላ ሆነህ ንገረኝ» አለው። ከዚያ ጀመሩ።

«ቀድመሃል» አለ ዳለቻ። ወይኖ ገታ አደረገ።

«እየተንጋደድኩ ነው» አለ ቀንበሩ። ገታ አደረገ።

«ወደ ጎን ወጣን» አለ እርፉ። አሁንም ገታ አደረገ።

አንድ ትልም ሳያልቅ ሃያ ጊዜ ነገሩት። ወይኖ ደሙ ፈላ። በሃያ አንደኛው ላይ አናፋ፣ መሬቱን በሰኮናው ቧጠጠ፣ ቀንበሩን ሊሰብረው ቃጣ። እንደ ምንም ትንፋሹን ሰበሰበና «እሺ» አለ። እሺ ማለት እንዴት እንደምትከብድ ታውቃላችሁ? ለእሱ ከዳገቱ ትከብድ ነበር።

ሁለተኛው ቀን አሥር ጊዜ ነገሩት። ሦስተኛው ቀን ስድስት ጊዜ። አንዳንዱ ቀን ደግሞ ተመልሶ ይብስበታል፤ በሬ ልማዱን በአንድ ጀንበር አይረሳም። አይጢቱም ጭንቅ ያዛት። የጉድጓዷ ግድግዳ በማረሻው እየተፋቀ ነው። ሮጣ መጣች።

«ጌታዬ ወይኖ! ምን ነካዎት? ታመው ነው? እንደዚያ ይቀድሙ የነበሩት ዛሬ ከሽማግሌ ጋር እኩል ይንፏቀቃሉ? ሰው ምን ይላል?»

ወይኖ ጎንበስ ብሎ አያት።

«አንቺ፣ ቤትሽ የት ነው?»

«ቤቴ? እዚያው... ወዲያ ነው...»

«ከትልሜ መካከል ነው አይደል? ማረሻ ካልነካው ላይ?»

አይጢቱ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለች።

«ያን ሁሉ ቀን ስታሞግሽ የከረምሽው ጉድጓድሽን ነበር» አለ ወይኖ። «ልጆችሽን ሰብስቢና ድንበሩ ላይ ጎጆ ቀልሽ። ነገ እዚያ አልፋለሁ።»

አልረገጣትም፣ አልጮኸባትም። እሷ ግን ነገሩ ገባት፤ በዚያው ቀን ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያንጠለጠለች ስትወጣ ታየች።

የደቦው ዕለት ደረሰ። አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ዳገቱ ሥር ተሰለፈ። ቦራ አለ፣ ሻንቆም አለ፣ ወይኖና ዳለቻም አሉ። አያ ቢተው ገመዱን በትከሻው ጣል አድርጎ ከላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የቅርጫው ዳኛ እሱ ነው። ስንሻው እርፉን ሲጨብጥ አያ ቢተውንም ወይኖንም አላየም፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ።

ጅራፎቹ ጮኹ። አሥራ ሁለቱም ተነሱ። ገበሬዎቹ እየዘፈኑ፣ እየፎከሩ፣ በሬያቸውን በስም እየጠሩ ዳገቱን ያዙ። ከወይኖ በስተቀኝ ቦራ ነበር። ቦራና ጓደኛው ፈጠን ፈጠን እያሉ አለፉት። አንድ ክንድ ቀደሙት፤ ሁለት ክንድ ቀደሙት።

ወይኖ ልቡ ዘለለ። ወገቡ ተወጠረ። ግማሽ እርምጃ ተወረወረ!

«ቀድመሃል» አለ ዳለቻ በጆሮው።

ሰው ሁሉ እያየ፣ ቦራ እየቀደመው፣ አያ ቢተው ገመድ ይዞ ከላይ ተቀምጦ ሳለ ወይኖ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰ። «እሺ አባ» አለ። በሬ በዕድሜው ከተራመደው እርምጃ ሁሉ ትልቁ ያ ነበር።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ድንጋያማው መሬት መጣ። ከሥር የተጋደመ ዐለት፣ ከላይ የደረቀ ሸክላ አፈር። አንደኛው ጥማድ ቆመ። ሌላውም ቆመ። ቦራና ጓደኛውም ማረሻቸው ተሰንቅሮ ቆሙ። ዘፈኑ ተቋረጠ።

ወይኖና ዳለቻ ደረሱ።

«አሁን ያንን ጉልበትህን አምጣው» አለ ዳለቻ። «ቀስ ብለህ፣ እኩል።»

ወይኖ ደረቱን ሰጠ። ዳለቻ ያለችውን ሰጠ። ቀንበሩ አልተንጋደደም፣ እርፉ አልተወላገደም። ማረሻው ተንቋቋ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ሸክላው ለሁለት ተሰነጠቀ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። አለፉ! ከኋላቸው የቆሙት ገበሬዎች በአንድ ድምፅ «በለው!» ሲሉ ዳገቱ አስተጋባ።

ስንሻው አናት ላይ ሲደርስ እርፉን ለቆ ወደ ኋላ ዞረ። ዞሮም ቀረ። ከታች ከዳገቱ ሥር ተነስታ እስከ እግሩ ድረስ ትልሟ ቀጥ ብላለች። ድንጋዩ ላይ አልታጠፈችም፣ ዐለቱ ዘንድ አልዞረችም። ስንሻው ዐይኑን አሸ። እንደገና አየ። ከዚያ የወይኖን አንገት አቅፎ፣ ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ።

አያ ቢተው ገመዱን ይዞ ወረደ። ስንሻው ከበሬው ፊት ቆመ።

«አያ ቢተው፣ ቃል ሰጥቼዎታለሁ። ቃሌን ማጠፌ ነው፤ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ይህን በሬ አልሰጥም።»

አያ ቢተው ገመዱን እንደያዘ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ትልሟን በዐይኑ ከላይ እስከ ታች ለካት። በዘንጉ ነካ ነካ አደረጋት። ሥጋ የሚወድ ሰው ነው፣ የወይኖንም ሻኛ አንዴ አይቶ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ገመዱን ጠቀለለና ትከሻው ላይ መለሰው።

«ብትሰጠኝም አልወስደውም» አለ። «እንዲህ የሚያርስ በሬ አርዶ የበላ መንደር በሰኔ ይራባል። የእኔን መካን ላም እናርዳለን፣ ሂድ እረስ!»

አንጓች ከታች ሆና እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወንዶቹ ፎከሩ። የደቦው ሽማግሌዎች እዚያው ቆመው ተማከሩና ወሰኑ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማሳው የመጀመሪያዋን ትልም የሚቀዱት ወይኖና ዳለቻ እንዲሆኑ፣ ሌላው ጥማድ ሁሉ የእነሱን ፈር ይዞ እንዲከተል። ፈር ቀዳጅ ሆኑ ማለት ነው! ቦራ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ አጓራላቸው። ሻንቆም ጥቂት አመንትቶ አጓራ።

ሲፈቱ አሥራ አንዱ ጥማድ ወይኖን ከብበው ቆሙ። አንዱ «ጉድ አደረግከው!» ይለዋል፣ ሌላው «እንዳንተ ያለ አልታየም!» ይለዋል። ወይኖ አመሰገናቸውና በመሀላቸው አልፎ ለብቻው ወደሚያመሰኳው ሽማግሌ ሄደ።

«አባ ዳለቻ» አለው፣ «ዛሬ የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?»

ዳለቻ አሰብ አደረገ። «አምስተኛው ትልም መጨረሻ ላይ ትንሽ ቸኩለሃል።»

«ቸኩያለሁ?»

«ቸኩለሃል።»

ወይኖ አንገቱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። «ነገ አስተካክለዋለሁ» አለና ከጎኑ ተኛ።

ልጆቼ፣ ፊትህን የሚያሞግስልህ ሞልቷል፤ ኋላህን አይቶ የሚነግርህ ግን ወንድምህ ነው። የተሰጣችሁን ተረት ሳታጎድሉ መልሱት፣ የደረቀ አፌንም በጠላ አርሱት።